ሄንድራ ሴቲያዋን፦ የኢንዶኔዢያው የዳብልስ ጌታ

ሄንድራ ሴቲያዋን ኢንዶኔዢያዊ የቀድሞ የባድሚንተን ተጫዋች ነው፣ ሙሉ ዘመኑን ያሳለፈው በዳብልስ ማለትም ሁለት ለሁለት በሚደረገው ጨዋታ ነው። የኦሎምፒክ ወርቅ አንዴ፣ የዓለም ሻምፒዮናን ደግሞ አራት ጊዜ (2007፣ 2013፣ 2015 እና 2019) ወስዷል፣ ያውም ከሁለት የተለያዩ ፓርትነሮች ጋር። ስለሱ በአማርኛ አንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚነበብ ነገር ስለሚያንስ ነው ይሄ የተዘጋጀው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው ኦገስት 25 ቀን 1984 ማዕከላዊ ጃቫ ውስጥ ፔማላንግ በምትባል ቦታ ነው፣ ክለቡ የጃካርታው ጃያ ራያ ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ፓርትነሩ ማርኪስ ኪዶ ነበር፣ በዛው ዓመት በዛው ወር የተወለደ እኩያው። ሁለቱ በ2005 የኤዥያ ሻምፒዮን ሆኑ፣ በ2007 ኳላላምፑር ላይ የኮሪያዎቹን ጁንግ ጄ ሱንግ እና ሊ ዮንግ ዴ 21ለ19፣ 21ለ19 አሸንፈው የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። በዓመቱ ቤጂንግ ኦሎምፒክ ፋይናል ላይ የጠበቋቸው ደግሞ ካይ ዩን እና ፉ ሃይፌንግ ናቸው፣ ቻይናዎች በገዛ ሜዳቸው በገዛ ደጋፊያቸው ፊት። በባድሚንተን ሁለት ጌም የወሰደ ነው የሚያሸንፈው፣ የመጀመሪያው ጌም 12ለ21 ሲያልቅ ነገሩ ያበቃለት ይመስል ነበር፣ ከዛ 21ለ11 እና 21ለ16። ከ1996 እና ከ2000 ቀጥሎ ይሄ ለኢንዶኔዢያ በወንዶች ዳብልስ ሦስተኛው የኦሎምፒክ ወርቅ ነው።

ከዛ በኋላ ከብሔራዊ ቡድኑ ካምፕ ወጥተው በግላቸው መጫወት ጀመሩ፣ እንዲያም ሆኖ በ2010 ጓንግዡ የኤዥያ ጌምስ ላይ የማሌዥያዎቹን ኩ ኪን ኪት እና ታን ቡን ሆንግ በሦስት ጌም አሸንፈው ወርቅ ወስደዋል። ለለንደን 2012 ኦሎምፒክ ግን ማጣሪያውን አላለፉም፣ ጥምረቱም እዛው አካባቢ አበቃ። ኪዶ በ2021 በ36 ዓመቱ ባድሚንተን እየተጫወተ ሳለ ወድቆ አረፈ።

አሁን የሄንድራን አጨዋወት ማየት ያስፈልጋል፣ ያለዚያ ቀጣዩ ታሪክ አይገባም። ዳብልስ ላይ አንዱ ከኋላ ሆኖ ስማሽ (ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ኃይለኛ ምት) ሲያወርድ ሌላው ኔት (መረቡ) ስር ይቆማል፣ ጭብጨባው ብዙ ጊዜ ለኋለኛው ነው። ሄንድራ የፊቱ ሰው ነው። ሰርቭ (ጨዋታ የሚጀመርበትን ምት) ሲቀበል ራኬቱን ከፍ አድርጎ ይቆምና ሻትሉ (ባለላባዋ ኳስ) የኔቱን ጫፍ እንዳለፈች እዛው ያገኛታል፣ በኃይል አይመታትም፣ ነካ ብቻ ያደርጋታል፣ ወይ በሁለቱ ተጋጣሚዎች መሀል ወይ ሰርቭ ያደረገው ልጅ ወገብ ላይ ይልካታል፣ ልጁም ክንዱን የሚያጥፍበት ቦታ ያጣል። ተገዶ ከፍ አድርጎ ሲመልሳት ከኋላ ያለው ፓርትነር ይጨርሳታል። ሰው የሚያየው ስማሹን ነው፣ ነጥቡ ግን ከሱ በፊት አልቋል። ይሄን ሁሉ ሲያደርግ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም፣ ቢመራም ቢመራበትም ያው ነው። በጉልበት የሚጫወት ሰው ዕድሜ ሲገፋ ይደክማል፣ እንዲህ የሚያነብ ሰው ግን ይቆያል፣ የሄንድራ ዕድሜ ምስጢር እኔ እንደሚገባኝ እዚህ ነው።

ሁለተኛው ፓርትነር ሞሐመድ አህሳን ነው፣ ከሄንድራ በሦስት ዓመት ያንሳል፣ የቀድሞ ፓርትነሩ ደግሞ ቦና ሴፕታኖ ነበር፣ የኪዶ ታናሽ ወንድም። ከ2012 መጨረሻ አካባቢ አብረው ጀመሩ፣ 2013 ላይ ማንም አልቻላቸውም ማለት ይቻላል፤ የማሌዥያ፣ የኢንዶኔዢያ፣ የሲንጋፖርና የጃፓን ኦፕንን ወሰዱ፣ ጓንግዡ ላይ የዴንማርኮቹን ቦ እና ሞገንሰንን 21ለ13፣ 23ለ21 ረትተው የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። በ2014 ኦል ኢንግላንድን (እንግሊዝ የሚደረገውን አንጋፋ ውድድር) እና ኢንቾን ላይ የኤዥያ ጌምስ ወርቅን ወሰዱ፣ ወርቁን የወሰዱት ከነሊ ዮንግ ዴ ላይ ኮሪያ ድረስ ሄደው ነው። በ2015 የዓለም ሻምፒዮናው ጃካርታ ኢስቶራ ሴናያን አዳራሽ መጣ፣ ፋይናሉን 21ለ17፣ 21ለ14 አሸነፉ፣ በሀገር ሰው ፊት።

ሪዮ 2016 ኦሎምፒክ ላይ ከምድብ አላለፉም። በ2017 ሄንድራ በ2010 ጓንግዡ ላይ ያሸነፈውን ያንኑ ታን ቡን ሆንግን ይዞ ተጫወተ፣ የአውስትራሊያ ኦፕን ፋይናል ደርሰዋል፣ በ2018 ወደ አህሳን ተመለሰ።

2019 ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። ሰው ሁሉ "ዳዲስ" እያለ የሚጠራቸው ሁለት አባወራዎች መጀመሪያ ኦል ኢንግላንድን ወሰዱ፣ ሄንድራ እግሩን ተጎድቶ እያለ፣ የማሌዥያዎቹን አሮን ቺያ እና ሶ ዉይ ዪክ አንድ ጌም ተመርተው ተነስተው ነው። ከዛ የስዊዘርላንዷ ባዝል። የዓለም ሻምፒዮና ፋይናሉ የተደረገው ኦገስት 25 ነው፣ ሄንድራ 35 ዓመት በሞላበት ቀን፣ ተጋጣሚዎቹ የጃፓኖቹ ሆኪ እና ኮባያሺ፦ 25ለ23፣ 9ለ21፣ 21ለ15። ሁለተኛውን ጌም 9 ነጥብ ብቻ ይዞ የወጣ ጥንድ ሦስተኛውን እንደዛ ተረጋግቶ ሲጫወት ማየት በጣም ይገርማል። ዓመቱን የዘጉትም የወርልድ ቱር ፋይናልስን በማሸነፍ ነው።

ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ለነሐስ በነአሮን ቺያ ተሸንፈው አራተኛ ወጡ። በዛው 2021 ኢንዶኔዢያ ከ19 ዓመት በኋላ ቶማስ ካፕን (የወንዶች ብሔራዊ ቡድኖች የዓለም ውድድር) ስትወስድ ካፒቴኑ ሄንድራ ነበር። 2022 የዓለም ሻምፒዮና ፋይናል፣ 2023 ኦል ኢንግላንድ ፋይናል፣ ሁለቱንም ተሸነፉ፣ ግን በ38 ዓመት ፋይናል መድረስ በራሱ ምን ማለት እንደሆነ ዳብልስ የሚያውቅ ይረዳዋል።

በታሪክ ምርጡ እሱ ነው ወይስ ፉ ሃይፌንግ የሚለው ክርክር አለ። ፉም አራት የዓለም ሻምፒዮና አለው፣ ኦሎምፒክ ላይ ደግሞ ሁለት ወርቅ ስላለው ይበልጣል የሚሉ አሉ፣ ሊሆን ይችላል። ግን ፉ አራቱንም የዓለም ሻምፒዮና የወሰደው ከአንድ ሰው ከካይ ዩን ጋር ነው፣ ሄንድራ ፓርትነር ቀይሮም አሸንፏል፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው የዓለም ሻምፒዮናው መሀልም 12 ዓመት አለ። ይሄን ያደረገ ሌላ የለም።

በ2024 መጨረሻ መሰናበቱን አሳወቀ፣ በጃንዋሪ 2025 ኢንዶኔዢያ ማስተርስ ላይ ከአህሳን ጋር አብረው ኢስቶራ ላይ ራኬታቸውን ሰቀሉ። አሁን አሰልጣኝ ነው፣ ከያዛቸው መሀል ከብሔራዊ ካምፑ ውጪ በግላቸው የሚጫወቱት ሳባር ጉታማ እና ሬዛ ኢስፋሃኒ ይገኙበታል።