ዶሮን በቱቦ መመገብ ምንድን ነው?

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል። ጥሬ ተበትኖላት ዞር ብላ የማታይ ዶሮ ታዲያ የምር ታማለች። ላባዋን ነፍታ፣ አንገቷን ቀብራ፣ ጥግ ይዛ ታንቀላፋለች። ብዙ ግቢ ውስጥ ያኔ ቢላዋ ነው የሚፈለገው፤ «ሳትሞት እንረዳት!» ይባላል። በምን እንደታመመች ሳይታወቅ ወጥ ማድረጉ ግን ለበላተኛውም አይበጅም።

በቱቦ መመገብ ማለት ለስላሳ የጎማ ቱቦ በአፏ አስገብቶ ውሃ ወይም ቀጭን ምግብ በሲሪንጅ ወደ እህል ከረጢቷ መላክ ነው። ከረጢቱ አንገቷ ግርጌ ላይ ነው፣ ወደ ቀኝ ጋደል ብሎ። የለቀመችው እህል መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። በልታ የገባችን ዶሮ ማታ ቆጥ ላይ ብትዳስሷት እንደ ትንሽ ኳስ እጃችሁን ይሞላዋል። ጠዋት ባዶ መሆን አለበት። ጠዋትም እንደሞላ ከሆነ፣ ወይም አፏ ኮምጣጣ ከሸተተ፣ እላዩ ላይ ምግብ መጨመር እሷን መጉዳት ነው።

የታመመ ሁሉ ይብላ ማለት ይቀናናል። እዚህ ግን የምግብ ተራ መጨረሻ ነው። የጤነኛ ዶሮ የሰውነት ሙቀት ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ይደርሳል። የቀዘቀዘች ዶሮ ምግብ አይፈጭላትም። ስለዚህ መጀመሪያ ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፉላት፤ ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አድርጉ። ስትሞቅ ለብ ያለ ውሃ ወይም በልኩ የተበጠበጠ ኦአርኤስ (ተቅማጥ ለያዘው ሰው የሚሰጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ይሰጣታል። ያ ከወረደላት በኋላ ደቅቆ የተነፋ የጫጩት መኖ በለብታ ውሃ ቀጥኖ ይከተላል። ወተት ይቅር፤ ዶሮ የወተትን ስኳር በደንብ አትፈጭም።

አደጋው ያለው ምላሷ ሥር ነው። አፏ ሲከፈት መሃል ላይ፣ ስትተነፍስ የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ ስንጥቅ ትታያለች። የአየር ቧንቧዋ በር እሷ ናት። በዚያ የገባ ፈሳሽ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይገድላታል። ቱቦው በዶሮዋ ግራ በኩል ገብቶ፣ ስንጥቋን አልፎ፣ ወደ ጉሮሮዋ ቀኝ ነው የሚሄደው። አስቀድሞ ከምንቃሯ ጫፍ እስከ ከረጢቱ ይለካና ምልክት ይደረግበታል። አንድ ሰው በፎጣ ጠቅልሎ ቀጥ አድርጎ ይይዛታል፤ ሌላው አንገቷን ወደ ላይ ዘርጋ አድርጎ ቱቦውን ቀስ ብሎ ያወርደዋል። ከያዘ አይገፋም፤ ይወጣና እንደገና ይሞከራል። አንገቷ በጣት ሲዳሰስ ሁለት ነገር መገኘት አለበት፦ የአየር ቧንቧውና ከጎኑ ቱቦው። አንድ ብቻ ካገኛችሁ ሲሪንጁን እንዳትነኩት። ፈሳሹ ወደ አፏ ሲመለስ ካያችሁም ወዲያው አቁሙ፣ ቱቦውን አውጡና ራሷን አራግፋ እንድትተፋው ልቀቋት።

ኪሎ ተኩል ለምትሆን ዶሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ቀጣዩ የሚሰጠው ከረጢቱ ሲጎድል ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያውን ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ሲያደርገው አይቶ መማር እንጂ በግምት መጀመር አይመከርም። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘም እንቁላሏ ለስንት ቀን እንደማይበላ አብራችሁ ጠይቁ።

ደግሞ አንዷ ሳትሆን ብዙዎቹ ባንዴ ከታመሙ፣ አንገታቸው ከተጣመመና አረንጓዴ ካስቀመጣቸው፣ ፈንግል የሚባለው ተላላፊ የዶሮ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቱቦውን ተዉት። ፈንግልን የሚፈውስ መድኃኒት የለም። የታመሙትን ለዩ፣ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ የሚጠቅመው ግን በሽታው ግቢ ሳይገባ ለጤነኞቹ ሲሰጥ ነው።