ዞዛንቴላ ምንድን ነው?

የአክስቴ ልጅ ያለችው ጂዳ ነው። ሰው ቤት ትሠራለች። ከሁለት ወር በፊት አንድ ዓርብ ማታ በኢሞ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ጋሼ፣ ያቺ ከንፈራሟ መሃሏ ነጣ። ማዳም ስትመለስ አንቺ ነሽ ያበላሸሻት ማለቷ አይቀርም። ምን ላድርግ?»

ከንፈራሟ የምትላት ክላም ናት። የቤቱ ሳሎን ውስጥ 300 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም አለ። ዓሣ አለበት፣ ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳም አለበት። ድንጋዩ ላይ ደግሞ መዳፍ የምታክል ዛጎል ተቀምጣለች። ቀን ቀን ክዳኗን ከፍታ ሰማያዊ ከንፈሯን ትዘረጋለች። ማታ መብራት ሲጠፋ ትሰበስበዋለች።

ሥራ የጀመረች ሰሞን አንድ ነገር ጠይቃኝ ነበር። «ለዓሦቹ በቀን ሁለቴ እበትናለሁ። ለእሷ ግን ምንም አትስጪ ተብያለሁ። ታዲያ በምን ትኖራለች?» እኔ ደግሞ እዚህ ጅማ 30 ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰውዬ፣ ቡናዬን ፉት እያልኩ «ውሃ እያጠለለች ነዋ» ብዬ አለፍኩት። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። የቀረው ግማሽ ዞዛንቴላ ይባላል።

አስቀድሜ ስለ ክላሟ ትንሽ ልበል። አማርኛችን ከባሕር ርቆ ያደገ ነውና ለእንዲህ ዓይነት ፍጥረት ስም አልተረፈውም። ዛጎል ስንል ትዝ የሚለን አንገት ላይ የሚንጠለጠለው፣ ጠንቋይም የሚጥለው ነጩ ነው። እሱ የቀንድ አውጣ ወገን ነው። ክላም ግን ሁለት ክዳን አላት። ክዳኖቹ በአንድ ጎን እንደ መጽሐፍ ተያይዘው በሌላው ጎን ይከፈታሉ። ለአኳሪየም የሚፈለጉት ትሪዳክና የሚባሉት ናቸው። ከእነሱ ግዙፉ፣ ጊጋስ የሚባለው፣ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቀይ ባሕር ውስጥ ግን ያሉት አነስ አነስ ያሉት ማክሲማ፣ ስኳሞሳና ስኳሞሲና ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ሁሉም ዝርያ ያለ ፈቃድ ከአገር አገር እንዳይሻገር ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ተይዟል።

አሁን ወደ ቃላችን። ዞዛንቴላ አልጌ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ እንደ ተክል ምግቡን ከብርሃን የሚሠራ ፍጥረት። ያለው አንድ ሕዋስ ብቻ ነው። ቀለሙ ወደ ቡናማ የሚያደላ ወርቃማ ሲሆን፣ መቶው ቢደረደር አንድ ሚሊሜትር ቢሞላ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1881 ያወጣው ጀርመናዊው ካርል ብራንት ነው። ከግሪክ የመጣ ነው፤ «ዞኦን» እንስሳ፣ «ዛንቶስ» ደግሞ ቢጫ ማለት ነው። በእንስሳ ውስጥ የሚኖር ቢጫ ነገር እንደማለት።

የሚኖረው ክላሟ ከንፈር ውስጥ ነው። ያቺ ሁሉም ሰው ቆሞ የሚያደንቃት ሰማያዊ ከንፈር እርሻ ናት።

ጅማ ዙሪያ ላደገ ሰው «የእኩል» ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። አንዱ መሬት አለው፣ ጉልበት የለውም። ሌላው ጉልበት አለው፣ መሬት የለውም። አርሰው ይካፈላሉ። ዞዛንቴላም የእኩል አራሽ ነው። ባለመሬቷ ክላሟ ናት። ማዳበሪያውም ከእሷ ነው። ስትተነፍስ የምታወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትሰጠዋለች። ሌላው እንስሳ እንደ ሽንት የሚያስወግደውን አሞኒያ አራሹ እንደ ዩሪያ ይቀበላታል። ይህን ከብርሃን ጋር አዋህዶ ስኳር ይሠራል፤ ተማሪ ቤት ብርሃን አስተጻምሮ የምንለው ነው። ከስኳሩ ለራሱ ጥቂት ያስቀርና ብዙውን፣ በተለይ ግሉኮሱን፣ ለባለመሬቷ ያስረክባል። ኦክስጅንም ይጨምርላታል። ስሙ የእኩል ይባል እንጂ ክፍፍሉ ወደ እሷ ያጋደለ ነው። የድሮው ጭሰኛ ትዝ ያለው አንባቢ ካለ አልፈርድበትም።

ኮራልም እንዲህ ያለ አራሽ አለው። ልዩነቱ ኮራል አልጌውን የሚያስቀምጠው በገዛ ሕዋሱ ውስጥ መሆኑ ነው። የክላም አሠራር ለየት ይላል። ከሆዷ የሚነሱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። እንደ መስኖ ቦይ እየተከፋፈሉ እስከ ከንፈሯ ጫፍ ይደርሳሉ። አልጌው ቱቦው ውስጥ ተደርድሮ ይኖራል። አስቡት፤ የገባው በአፍ ነው፣ ሆድ ደርሷል፣ ሳይፈጭ ቀርቶ መሬት ተሰጠው።

ከእናቷም አትወርሰውም። ክላም ከእንቁላል ስትወጣ አንድም አልጌ የላትም። በዓይን የማትታይ ሆና ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ ነው ከባሕሩ የምትውጠው። ካላገኘች ወግ ያለው ክላም አትሆንም። ይህ ነገር የባሕር ብቻ ከመሰላችሁ እዚሁ ጅማ ዙሪያ ጎማ ወይም ማና ወረዳ ሄዳችሁ አሮጌ ዛፍ ቀና ብላችሁ እዩ። ከቅርንጫፉ የሚንጠለጠለው፣ አንዳንዱ ሰው የዛፍ ሽበት የሚለው ነገር፣ አንድ ፍጥረት ይመስላል እንጂ ሻጋታና አልጌ አብረው የመሠረቱት ትዳር ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ሁሌም የሚስቅ ተማሪ አይጠፋም ነበር።

ሰማያዊው ቀለምስ? እሱ የአልጌው አይደለም። ከንፈሯ ውስጥ አይሪዶሳይት የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ቀለም የላቸውም፤ ብርሃን እየመለሱ ነው ቀለም የሚያሳዩን። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ሥራቸውን አሳየ። ለአልጌው የሚጠቅመውን ብርሃን በትነው ወደ ታች ያወርዱለታል። አልጌው ደግሞ እንደ ምሰሶ ተደራርቦ ቆሟል፤ ስለዚህ ከላይ ያለው ሳይቃጠል ከታች ያለውም ይደርሰዋል። የማይጠቅመውን ወደ ውጭ ይመልሱታል፤ እኛ የምናየው እሱን ነው። የቡና ገበሬ ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቀዋል። ዋንዛውና ሳሳው ፀሐዩን ሰባብረው ባያወርዱለት ቡናው ምን ይሆን እንደነበር ጠይቁት።

በከንፈሯ ጠርዝ ዙሪያ ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዓይኖች አሏት። መልክ አይለዩም፤ ጥላ ግን ይለያሉ። እጅ ሲያልፍ ክፍት የነበረችው ቀጥ ብላ ትዘጋለች። በተዘጋች ቁጥር እርሻው ፀሐይ ያጣል። ለዚህ ነው የአክስቴን ልጅ መስታወቱን በቀን አምስቴ መወልወል ተዪ ያልኳት።

እና መሃሏ ለምን ነጣ? ነገሩን ስጠይቃት ወጣ። ማዳምና ቤተሰቡ ለአሥር ቀን ጉዞ ሄደዋል። ሲሄዱ የሳሎኑን ኤሲ አጥፊው ብለዋታል፤ ማንም ለማይቀመጥበት ቤት ምን ያደርጋል ብለው። የጂዳን ሙቀት አስቡት። ፎቶ አንስታ የላከችልኝ ቴርሞሜትር 33 ይላል። የክላም አኳሪየም 25 እና 26 ዲግሪ ላይ ቢሆን ነው ደጉ።

ውሃው ሲግል መጀመሪያ የሚታመመው አራሹ ነው። ስኳር የሚሠራበት መሣሪያ ይዛባና ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች ማፍሰስ ይጀምራል። ያኔ ባለመሬቷ ታባርረዋለች። ነጩ እንግዲህ ባዶ ማሳ ነው፤ አራሽ የሌለበት የገዛ ሥጋዋ። ነጣች ማለት ሞተች ማለት ግን አይደለም። ጦም ውላለች ማለት ነው። ጉልበቷ ሳያልቅ ጥቂት የቀሩት አልጌዎች ከተባዙላት ትመለሳለች።

የነገርኳት ይህን ነው። ኤሲውን ክፈቺ፤ ውሃው ግን ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ እንጂ በረዶ እንዳትጨምሪበት። መብራቱን አትጨምሪ። የተራበ ሰው እንደማየት ሆኖ ብዙ ብርሃን ልስጣት ያሰኛል፤ ግን የታመመ አልጌን ብርሃን ይጨርሰዋል። እዚህ የችግኝ ጣቢያ ሰው የቡናውን ችግኝ ከዳሱ አውጥቶ በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ አይጥልም። ዳሱን እያሳሳ ያለማምደዋል። አዲስ መብራት ለሚገዛም፣ አዲስ ክላም ለሚያስገባም ሕጉ ይኸው ነው። ከቦታዋም አታንሻት። ድንጋዩን የያዘችበት ክር አላት። ክሩን ጎትቶ የነቀለ ሰው እግሯን ይጎዳል፤ ብዙዎች የሚሞቱትም በዚህ ነው።

አንድ የገረማት ነገር ነበር። ማዳም ውሃው ብርጭቆ እንዲመስል ስለምትወድ ማጣሪያ በማጣሪያ ላይ ተደርቧል፤ የናይትሬት መለኪያው ዜሮ ነው የሚያሳየው። «ንጹሕ ነው አይደል ጋሼ?» ንጹሕ ነው፤ ግን ማዳበሪያ የሌለው ማሳ ነው። ለክላም ትንሽ ናይትሬት ይሻላል፤ በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም ቢሆን አይጎዳትም። ዓሦቹ መኖራቸው ለእሷ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ እነሱ ያቆሽሻሉ፣ እሷ ትጠቀማለች። ማጥለሏም አልቀረም፤ የምትተነፍስበት ጊሏ ከውሃው ጥቃቅን ምግብ ይይዛል። ትንሽ ሳለች በዚህ ይበልጥ ትደገፋለች፤ እያደገች ስትሄድ ድርሻው ለአራሹ እየለቀቀ ይሄዳል።

ስለ ዛጎሏ አጭር ልበል። ዛጎል የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው። ብርሃን ሲኖር በፍጥነት ይሠራል፤ ስለዚህ ውሃው ውስጥ ያለው ያልቃል። ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፣ አልካሊኒቲ፣ ማለትም የካርቦኔቱ መጠን፣ በራሱ መለኪያ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ቢጠበቅ በቂ ነው። ብዙ አርቢዎች ይህን የሚተኩት በኖራ ውሃ ነው። አዎ፣ ኖራ። ንጹሑን ዓይነት በውሃ በጥብጠው፣ አጥልለው፣ ሌሊት ጠብ ጠብ ያደርጉበታል። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ግን በዚያ ቤት አይግባ። ለዓሣው ፈውስ የሆነው ለክላም መርዝ ነው።

ይህን ሁሉ ከተማ ውስጥ ሞባይል ለሚሸጥ የድሮ ተማሪዬ አወራሁለት። ዓይኑ በራ። «ቲቸር፣ ለምን እዚህ ጅማ አንሞክርም?» ቁጭ ብለን ሂሳብ ሠራን።

ጨው። ለአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ነው፤ ለ300 ሊትር አሥር ኪሎ ተኩል። «ጨውማ ሞልቷል» አለ። ሞልቷል፣ ግን የገበታው አይሆንም። ድሮ ሂርማታ ገበያ ድረስ ይመጣ የነበረው አሞሌ የቀይ ባሕር ልጅ ነው፤ ባሕሩ አፋር ላይ ገብቶ ደርቆ የተወው። ሲደርቅ ግን ተለያይቶ ነው የረጋው። አሞሌው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ሆኖ ቀረ። በባሕር ውሃ ጨው ውስጥ ደግሞ ከመቶ 15 ያህሉ ሌላ ነገር ነው፤ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም። ተቀምሞ የተዘጋጀውን ከውጭ ማስመጣት ግድ ነው።

ውሃ። ጅማ ዝናብ አይቸግራትም። በርሜል ደቅነን እንሙላ አለኝ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ውሃ ዚንክ ይዞ ይመጣል፤ ዚንክም ለእነዚህ እንስሳት አይስማማም። ማጣሪያ ያስፈልጋል።

አየር። ይሄኛውን እኔም ቁጭ ብዬ እስካሰላው አላሰብኩትም ነበር። ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነን። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ከባሕር ዳር ሰፈር ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ቀን አልጌው ኦክስጅን ስለሚሠራ ችግር የለም። ሌሊት ግን አልጌውም እንደ ማንም ይተነፍሳል፤ ከክላሟ ጋር ይሻማል። በዚያ ላይ መብራት ሄደ እንበል። ፓምፑ ይቆማል፣ ማሞቂያው ይቆማል፣ የጅማም ሌሊት ይቀዘቅዛል። ባትሪ ያለው አየር መንፊያ ሳይገዛ የሚጀምር ሰው ክላም ሳይሆን ሾርባ ነው የሚያዘጋጀው።

ተማሪዬ ሂሳቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ቲቸር፣ ለጊዜው ከቦዬ ኩሬ ዓሣ እንብላ» አለኝ።

የጂዳዋ ክላም ሰባተኛ ሳምንቷ ላይ ናት። ማዳም ተመልሳ መጥታ ነገሩን ሰምታ፣ ኤሲውን ያስጠፋችው ራሷ መሆኗን አስታውሳ፣ ዝም ብላለች ተባልኩ። ባለፈው እሑድ አዲስ ፎቶ መጣልኝ። ነጩ ላይ ከጠርዝ ወደ መሃል የሚሄድ ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል፤ ሻይ የተረጨበት ነጠላ ይመስላል። አልጌው እየተራባ ነው።

ከፎቶው ሥር ሌላ የድምፅ መልእክት ነበር። «ጋሼ፣ ያባረረቻቸውስ የት ሄዱ?»

በዚህኛው ግማሽ መልስ አልሰጠኋትም። ክላም ከምታስወግደው ኩስ ጋር በሕይወት ያሉ አልጌዎች ይወጣሉ። ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። አንዱ የሌላ ትንሽ ኮራል ወይም ገና መሬቷ ያልታረሰ ጫጩት ክላም አፍ ውስጥ ይገባል። «ሌላ ባለመሬት ፍለጋ ሄዱ» አልኳት። ቆይታ መለሰች። «እንደኛው ናቸዋ።»