የእጅ ባትሪን ወደ ኤልኢዲ መቀየር፦ ዕቃው እንዴት ይመረጣል?

የድሮ የእጅ ባትሪ ብዙ ጊዜ የሚያረጀው ውስጡ ነው። ቀፎው ጠንካራ ነው፣ የክዳኑ ጥርስ አልተበላም፣ ማብሪያውም ይሠራል። ብርሃኑ ግን ደብዛዛና ቢጫ ነው። ጥፋቱ የአምፖሉ ነው። ባለ ክር አምፖል በ1 ዋት ቢሰጥ ቢሰጥ ከ10 እስከ 15 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው። የቀረው በሙቀት ይባክናል። የዛሬ ጥሩ ኤልኢዲ በዚያው 1 ዋት ከ100 ሉመን በላይ ይሰጣል። ስለዚህ ቀፎውን ይዞ ሆዱን መቀየር የብዙ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። ኤልኢዲ፣ ድራይቨር (ወደ ኤልኢዲው የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚቆጣጠር ትንሽ ሰርኪት)፣ አንጸባራቂ፣ ማብሪያ፣ ሁሉም ለየብቻው ይሸጣል።

ብዙ ሰው ከኤልኢዲው ይጀምራል። ትልቁን የሉመን ቁጥር አይቶ ይገዛል። ከዚያ ድራይቨሩ አልገጥም ይላል፣ ድንጋዩ አይችለውም፣ ቀፎው ይግላል። ነገሩ መገልበጥ አለበት። ቀፎው ምን ያህል ሙቀት ይችላል? ምን ዓይነት ድንጋይ ይገባበታል? የኤልኢዲው ምርጫ ከእነዚህ ሁለት መልሶች በኋላ ነው።

ኤልኢዲ አይሞቅም ሲባል ይሰማል። ግማሽ እውነት ነው። ጨረሩ አያቃጥልም፤ ከሚወስደው ኃይል ብዙው ግን በጀርባው በኩል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ይህ ሙቀት ኤልኢዲው ከተበየደበት ቦርድ ወደ ብረት መቀመጫው፣ ከዚያ ወደ ቀፎው፣ ከቀፎው ወደ እጅና ወደ አየር መሄድ አለበት። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ከተዘጋ ኤልኢዲው ይደበዝዛል፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ይሞታል። በፕላስቲክ ቀፎ ውስጥ ከ1 ዋት ብዙ መዝለል አያዋጣም። አንድ እጅ የሚሞላ የአሉሚኒየም ባትሪ እንኳን 10 ዋት ሲሰጠው በደቂቃዎች ውስጥ ለመያዝ ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ገንዘብ ቢወጣ አይቆጭም። ቦርዱ ከአሉሚኒየም ይልቅ መዳብ ቢሆን፣ በተለይም የኤልኢዲው መሐል መዳቡን በቀጥታ የሚነካበት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። የተለመዱት ስፋቶች 16 እና 20 ሚሊሜትር ናቸው። በቦርዱና በመቀመጫው መካከል ሙቀት አስተላላፊ ቅባት በስሱ ይቀባል። ሲበዛ ራሱ ሙቀቱን ያግዳል።

ወደ ድንጋዩ እንለፍ። ነጭ ኤልኢዲ አብዛኛውን ጊዜ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ሁለት አልካላይን ድንጋይ በወረቀት ላይ 3 ቮልት ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ግን ወዲያው ይወርዳል። 18650 የሚባለው የሚሞላ የሊቲየም አዮን ድንጋይ የተወደደው በዚህ ምክንያት ነው። ስፋቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊሜትር ነው። ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። መከላከያ ሰርኪት ያለው በጥቂት ሚሊሜትር ስለሚረዝም የቀፎው ውስጥ በካሊፐር መለካት አለበት። 14500 የሚባለው ደግሞ መልኩ ልክ እንደ ትንሹ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ነው፤ ቮልቴጁ ግን ከእጥፍ በላይ ነው። ለ1.5 ቮልት ብቻ የተሠራ ድራይቨር ላይ ከገባ ያቃጥለዋል። አቅሙ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው የሚል ጽሑፍ ያለበት 18650 ካዩ ውሸት ነው ብለው ይለፉት። ሊቲየም አዮን ሲበላሽ እሳት ነው፣ ቀልድ የለውም። ሁለት ድንጋይ በተከታታይ የሚገባበት ባትሪ ላይ አሮጌና አዲስ መቀላቀልም አይገባም።

ድራይቨር የሚያስፈልገው ኤልኢዲ እንደ አምፖል ስላልሆነ ነው። ቮልቴጁ ትንሽ ሲጨምር ከረንቱ (የኤሌክትሪክ ፍሰቱ) በብዙ ይዘልላል። ስለዚህ አንድ ነገር ከረንቱን መያዝ አለበት። ለአንድ 18650ና ለአንድ ባለ 3 ቮልት ኤልኢዲ ቀላሉ ባለ 7135 ቺፕ ድራይቨር ነው። አንዱ ቺፕ 350 ሚሊአምፔር ያሳልፋል፤ 4 ቺፕ 1.4 አምፔር፣ 8 ቺፕ 2.8 አምፔር ማለት ነው። የድንጋዩ ቮልት ከኤልኢዲው በጣም ከበለጠ ቮልቴጅ የሚቀንስ፣ ካነሰ ደግሞ የሚጨምር ድራይቨር ይገዛል። ስፋቱ ከመቀመጫው ጋር መመሳሰሉን አይርሱ፤ 17 ሚሊሜትር በብዛት ይገኛል። ድንጋዩ ሲያልቅ ራሱ የሚያጠፋ ቢሆን ይሻላል። ብልጭ ድርግም የሚል ሞድ የሌለው ካለ ደግሞ እኔ ሁልጊዜ እሱን ነው የምመርጠው።

አሁን ኤልኢዲው። ጥያቄው ሩቅ ነው ወይስ ሰፊ የሚለው ነው። በአንድ ዓይነት አንጸባራቂ ውስጥ ፊቱ ትንሽ የሆነ ኤልኢዲ ጨረሩን ሰብስቦ ሩቅ ይወረውራል፣ ፊቱ ትልቅ የሆነው ቅርቡን በሰፊው ያበራል። አንዳንዶቹ ትልልቅ ኤልኢዲዎች 6 ወይም 12 ቮልት ስለሚፈልጉ ከድራይቨሩ ጋር መስማማታቸው ይታያል። ቀለሙ በኬልቪን ይለካል። 6500 ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ 3000 ወደ ቢጫ። ከ4000 እስከ 5000 ያለው ለዓይን ይስማማል ባይ ነኝ። የቀለም ታማኝነት ቁጥሩ (ነገሮችን በትክክለኛ ቀለማቸው የማሳየት ችሎታው፣ ከ100) ከ90 በላይ የሆነ ኤልኢዲ ሽቦን ከሽቦ በቀለም ለመለየት ግሩም ነው፤ በምትኩ ጥቂት ሉመን ያስከፍላል። ይከፈል! ዓይን ብርሃን እጥፍ ሆነ የሚለው ሉመኑ እጥፍ ሲሆን አይደለም፣ ከዚያ በብዙ ሲበልጥ ነው። የጨረሩ ርቀትም እንዲሁ ነው። በተለመደው አለካክ 10,000 ካንዴላ (የጨረር ጥንካሬ መለኪያ) 200 ሜትር ይደርሳል፤ 400 ሜትር ለመድረስ 40,000 ያስፈልጋል።

የአምፖሉን አንጸባራቂ እንዳለ መጠቀም ይቻላል፣ ግን ያስቸግራል። አምፖል ብርሃኑን በዙሪያው ይረጫል፣ ኤልኢዲ ወደ ፊት ብቻ። ቀዳዳው መስፋት ይኖርበታል። ቁመቱ በ1 ሚሊሜትር ቢዛነፍ መሐሉ ጥቁር የሆነ ክብ ይወጣል። አንጸባራቂው ብረት ከሆነ ደግሞ የኤልኢዲውን ብየዳ ነክቶ ሾርት ያደርጋል፤ በመካከል የፕላስቲክ ቀለበት ይገባል። ገጹ ለስላሳ የሆነ አንጸባራቂ ለርቀት፣ ሸካራው ለወጥ ብርሃን ይመረጣል።

የብየዳ ካውያ መያዝ የማይወድ ሰው አምፖሉ ቦታ ላይ የሚገባ ዝግጁ ኤልኢዲ መግዛት ይችላል። አምፖል ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አይመርጥም፣ ኤልኢዲ ግን ይመርጣል። ስለዚህ የድንጋዩ አቀማመጥ ይጣራል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የኋላ ክዳኑ ይፈታና መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) በ10 አምፔር መስመር ላይ ሆኖ አንዱ ጫፍ ድንጋዩን፣ ሌላው የቀፎውን ራቁት ብረት ይነካል። የሚታየው ቁጥር ባትሪው የሚጠጣው ከረንት ነው። እዚህ ትክክል ሆኖ ክዳኑ ሲመለስ ብርሃኑ ከቀነሰ ኤልኢዲውን አይውቀሱ። ክዳኑ ውስጥ ያለችው ቀጭን ሞላ ወይም ማብሪያው ነው።