የዲኤንኤ «ጉዳት» እና «ሚውቴሽን» ለየቅል ናቸው

«ኬሚካሉ ዲኤንኤን ይጎዳል» ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው ካንሰርን ያስባል። በመካከል ግን ረጅም መንገድ አለ። በጥላሸት፣ በድንጋይ ከሰል ሬንጅና በሲጋራ ጭስ ውስጥ የሚገኘውን ቤንዞፓይሪንን እንውሰድ። አደገኛ የሚያደርገው፣ የሚገርመው፣ የራሳችን ሰውነት ነው፤ በውኃ ሟምቶ እንዲወገድ ሲለውጠው፣ ጓኒን ከተባለው የዲኤንኤ ፊደል ጋር የሚጣበቅ ነገር ይሆናል። ይህ መጣበቅ ጉዳት ነው፤ ብራና ላይ ጠብ እንዳለ ቀለም ሊፋቅ ይችላል፤ ፋቂዎቹ የጥገና ኢንዛይሞች ናቸው። ሳይፋቅ ሕዋሱ ለመከፈል ዲኤንኤውን ከገለበጠ ግን፣ ገልባጩ ኢንዛይም ከጓኒን ትይዩ ጥንዱ የሆነውን ሳይቶሲን የተባለ ፊደል ማስገባት ሲገባው ብዙ ጊዜ አዴኒን የተባለውን ሌላ ፊደል ያስገባል። የአዴኒን ጥንድ ታይሚን ስለሆነ፣ በቀጣዩ ቅጂ የጓኒንን ቦታ ታይሚን ይይዘዋል። ሚውቴሽን የሚባለው ይህ ነው፦ ምንም ቀለም ያልነካው፣ ንጹሕ ሆኖ የተጻፈ ስህተት።