ግጭትና ሞመንተም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የግጭት ጥያቄ ላይ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ቀመር ጠፍቶት አይደለም። የትኛው ሕግ የት ላይ እንደሚሠራ ስለሚምታታበት ነው።

«ኢነርጂ ከጠፋ ሞመንተምም ይጠፋል።»
አይጠፋም። ሞመንተም ማለት የአንድ አካል መጠነ ቁስ (በኪሎ) በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ሁለት አካላት ሲጋጩ እርስ በርስ የሚገፋፉበት ኃይል እኩልና ተቃራኒ ነው። አንዱ ያጣውን ሞመንተም ሌላው ያገኘዋል። ካይኔቲክ ኢነርጂው (የእንቅስቃሴ ኢነርጂው) ግን ብረት ሲጣመም፣ ሙቀትና ድምፅ ሲፈጠር ይቀንሳል።

«የግጭት ጥያቄ በኢነርጂ ሕግ ብቻ ይሠራል።»
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብለን እንየው። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 የጥይትን ፍጥነት መለኪያ ዘዴ ይፋ አድርጎ ነበር። ጥይቱ የተንጠለጠለ እንጨት ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ እንጨቱም ይወዛወዛል።

ጥይቱ 10 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 400 ሜትር፣ እንጨቱ 1.99 ኪሎ ይሁን። ሞመንተሙ 0.01 × 400 = 4 ነው። አሁን አንድ ላይ 2 ኪሎ ስለሆኑ በሰከንድ 2 ሜትር ይሄዳሉ። ኢነርጂውስ? በፊት 800 ጁል ነበር፤ አሁን 4 ጁል ብቻ ቀረ። 796 ጁሉ እንጨቱን በመብሳትና በማሞቅ አለቀ። 800ው እንዳለ ወደ ከፍታ ይቀየራል ብሎ ያሰላ ተማሪ እንጨቱን 40 ሜትር ያወጣዋል። ትክክለኛው መልስ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው! ስለዚህ ጥያቄውን ለሁለት ክፈሉት፤ ግጭቱን በሞመንተም፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መወዛወዝ በኢነርጂ ሥሩ።

«ኢንኢላስቲክ ማለት ተጣብቆ መቅረት ነው።»
መጣበቅ የመጨረሻው ጫፍ ነው። ተጋጭተው የተለያዩም ካይኔቲክ ኢነርጂ ካጡ ግጭቱ ኢንኢላስቲክ ነው። ጥያቄው «ተጣበቁ» ካላለ አንድ የጋራ ፍጥነት አትስጧቸው።

«ቁጥሩን መደመር ይበቃል።»
አቅጣጫስ? 1,200 ኪሎ መኪና በሰከንድ 20 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ 1,800 ኪሎ መኪና በ10 ሜትር ወደ ምዕራብ እየሄዱ ተጋጭተው ተጣበቁ እንበል። 24,000 ሲቀነስ 18,000፣ 6,000 ይሆናል። ለ3,000 ሲካፈል በሰከንድ 2 ሜትር ወደ ምሥራቅ። የመቀነስ ምልክቷን የረሳ ግን 14 ያገኛል።

«ሞመንተም ምንጊዜም አይለወጥም።»
የተጣበቁት መኪኖች ተንሸራተው ይቆሙ የለ? ያስቆማቸው የአስፋልቱ ሰበቃ ነው፤ ከውጭ የመጣ ኃይል። ግጭቱ ራሱ እጅግ አጭር ስለሆነ ሰበቃው በዚያች ቅጽበት ብዙም አይለውጥም። የአደጋ መርማሪዎችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ከጎማው ጭረት ርዝመት ከግጭቱ በኋላ የነበረውን ፍጥነት ያወጣሉ፣ ከዚያ በሞመንተም ወደ ኋላ ሄደው ከግጭቱ በፊት የነበረውን ያሰላሉ።