«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንጂ «ነው» አይደለም

በቅርቡ የአንድ ጡረተኛ ወታደር የመቃብር ሐውልት ሲመረቅ ተገኝቼ ነበር። ጥቁር እብነ በረድ፣ ወርቃማ ፊደል፣ ከላይ ማዕረጋቸውን የለበሱበት ፎቶ። የመድረክ መሪው ማይኩን ይዞ ወደ ፊደሉ እያመለከተ «አባቶቻችን ስም ከመቃብር በላይ ነው ያሉት እንግዲህ ይህንን ነው!» አለ። ተጨበጨበ። እውነቱን ነው፣ ስማቸው ከመቃብሩ በላይ ነበር፤ ግማሽ ሜትር ያህል።

እኔ ባደግሁበት አገር ተረቱ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ነው። «ነው»ን ከተማ ከገባ በኋላ ያለበሱት ይመስለኛል። ልዩነቱ ኢምንት ቢመስልም ምስጢሩ ያለው ግሱ ላይ ነው። «ዋለ» ማለት ቀኑን አሳለፈ ብቻ አይደለም፤ ወታደር ሲለው ተዋጋ ማለቱ ነው። አድዋ የዋለ፣ ማይጨው የዋለ እንላለን፤ «የጦር ሜዳ ውሎ»ም ከዚሁ የመጣ ነው። እዚያው ምርቃቱ ላይ ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «እኔና እሱ ካራማራ አብረን ነው የዋልነው» አሉኝ። ማይክ የሰጣቸው የለም።

ስለዚህ ተረቱ የወታደር ተረት ነው ባይ ነኝ። ማስረጃ አምጣ ለሚለኝ ከግሱ በቀር የማሳየው የለኝም፤ ግን አልለቅም። የሰውየው ውሎ ያበቃል፣ የስሙ ውሎ ይቀጥላል። የት ቢሉ ለቅሶ ላይ።

የገጠር መቃብር ያየ ይረዳኛል። ቤተ ክርስቲያኑን ዙሮ፣ ከጽዱና ከወይራው ሥር፣ የድንጋይ ክምር ብቻ ነው፤ ፊደል የለበትም። የአያቴ ወንድም የአምስቱ ዘመን አርበኛ ነበሩ። ያረፉ ጊዜ ፈረሳቸው ሙሉ ዕቃው ተጭኖ፣ ኮርቻው ባዶውን፣ ለቅሶው መሐል ገባ። የእህታቸው ልጅ ምንሽራቸውን ይዞ ከኋላ ይከተላል። ፈረሱ ጩኸቱ አስደንግጦት ጆሮውን ቀሰረ፣ ከዚያም እዚያው ሕዝብ ፊት ፋንድያውን ጣለ። እኛ ልጆች ሳቅን፤ አክስቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ይሄኔ አልቃሿ አወረደችው፦

ፈረሱ ተጭኖ ጠመንጃው ተይዞ፣
ምነው ባለቤቱ ቀረሳ ተጉዞ።

ቀጥላም የዋሉበትን ወንዝና ጋራ አንድ በአንድ እየጠራች አለቀሰች። ወንዶቹ ስሙን በሰሙ ቁጥር እየተነሡ «ዘራፍ!» ይላሉ። ባለፈው ዓመት ሄጄ ክምሩን ከሌላው ክምር መለየት አቃተኝ፤ ግጥሙን ግን ይኸው ጻፍኩት።

ድንጋይ ላይ መጻፍ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። ኢዛና በአራተኛው መቶ ዘመን ዘመቻውን በግዕዝና በግሪክ አስቀርጿል። ድንጋዩ ግን የንጉሥ ነበር፤ ጭፍራው የሚኖረው በሰው አፍ ነው። ጣልያኖች ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ለደመሰሱባቸው አምስት መቶ ገደማ ወታደሮች፣ ሮም ውስጥ ከግብፅ የመጣ ጥንታዊ ሐውልት አቁመው ስማቸውን ጻፉላቸው። እቀናለሁ፣ አልዋሽም። ከአሉላ ወገን የወደቀው ስሙ የዋለው እናቱ ደጅ ነው፤ አልቃሿ ስታልፍ ደግሞ ለልጇ ካላስተማረች አብሯት ያልፋል።

እና እብነ በረድ አልጠላም፤ ይጻፍ። የሚያናድደኝ ተረቱ የዝና ማስታወቂያ መሆኑ ነው። አንዱ አዲስ መኪናው አጠገብ ተነሥቶ ከፎቶው ሥር «ስም ከመቃብር በላይ ነው» ይላል። የትኛው መቃብር? ማን ሞተ?

የዚያን ዕለቱ መድረክ መሪም ቢሆን፣ ድንጋዩ ከየት እንደመጣና ማን እንደጠረበው በዝርዝር ነገረን። ሟቹ የት እንደዋሉ አልነገረንም።