ታቦት ሲወርድ ጠላ ሲቀዳ፦ ከሱስና ከእስር ስለተመለሱ ልጆቻችን የምንሳሳተው

ጥር 10 ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ጎንደር በእንግዳና በጠላ ትሞላለች። መጠጥ ካቆመ ገና ሦስት ወር ለሆነው ልጅ ግን ከዓመቱ ሁሉ የሚከብዱት እነዚህ ቀናት ናቸው። በቅንነት የምንለው አንዳንዱ ነገር ደግሞ ይብስ ይጥለዋል።

«ከልቡ ከወሰነ ይተወዋል፤ አንድ ብርጭቆ ምን ያደርገዋል?»

ውሳኔማ ያስፈልጋል። ነገር ግን አእምሮው መጠጡን ከሰፈሩ፣ ከሰዓቱ፣ ከጓደኛው ጋር አብሮ ለምዶታል። ጫት ቅሞ ምርቃናውን በአረቄ ይሰብር የነበረ ሰው «ጫቷን ብቻ» ብሎ ሲጀምር ጨብሲው ይከተላል። ሐራራ ያይልና ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይበርዳል። ለዚያች ግማሽ ሰዓት የሚደውልለት ሰውና ወጣ ብሎ የሚሄድበት ቤት አስቀድሞ ይኑረው። እኛ «በሞቴ» እያልን ስናስቀምሰው ያከበርነው ይመስለናል። እባካችሁ ቡና አፍሉለት።

«ካገረሸበት አለቀለት»

ከሱስ ከታከሙ ሰዎች ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ያገረሽባቸዋል። ደም ግፊትና አስምም ከዚህ ባላነሰ ያገረሻሉ። ግፊቱ የጨመረበትን አባት ሐኪም ዘንድ እንወስዳለን፤ ልጁን ግን ከቤት እናስወጣዋለን። ከማባረር በፊት የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንደነበር፣ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣ እንጠይቀው።

«ዛሬውኑ ቁርጥ ያድርገው»

ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት፣ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ ይችላል። ሊሞትም ይችላል። ማቆሙ በሐኪም ክትትል ይሁን።

«ጠበል ከገባ ኪኒን ምን ያደርግለታል?»

በአርባ አራቱ ታቦት አገር ጠበልን የሚያቃልል ቃል የለኝም። ጠበሉንም ይጠመቅ፣ የታዘዘለትንም ይዋጥ።

«እስር አስተምሮታል፤ ከእንግዲህ የራሱ ጉዳይ ነው»

ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በአመክሮ የወጣ ሰው በአመክሮው ጊዜ እንደገና ካጠፋ ቀሪውን ለመታሰር ሊመለስ ይችላል። በዚህ ጭንቀት ላይ ማደሪያና ሥራ ያጣል፤ በሩን የሚያንኳኳለትም የድሮው ጓደኛው ብቻ ይሆናል። ማረሚያ ቤት ውስጥ እንጨት ሥራ ተምሮ ወጥቶ፣ አዘዞ ያለ አናጢ ሊቀጥረው ፈቅዶ፣ ዋስ ጠፍቶ የሚቀር አለ። አጎቶች፣ የሰፈር ሽማግሌዎች፦ ያንን ዋስትና ፈርሙለት።